የጋሼ ይማም ማሾና ማሽላ

ጋሼ ይማም መሞታቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ያውም ከተቀበሩ በኋላ። ሹፌሩ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ገና ከመቀመጤ በመስታወቱ አየኝና፣ "ቲቸር፣ እግዜር ያጽናዎት። በጣም ትቀራረቡ ነበር እኮ" አለኝ።

"ማንን አጥቼ ነው የምታጽናናኝ?" አልኩት እየሳቅኩ።

ልጁ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። "ጋሼ ይማምን ነዋ! ትናንት ቀበርናቸው እኮ። አልሰሙም እንዴ?"

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። አልሰማሁም። ሸዋ ሮቢት እኮ አዲስ አበባ አይደለችም። ሽንኩርት የጫነ መኪና ደብረ ሲና ዳገት ላይ ጎማ ቢፈነዳበት፣ ሹፌሩ ሳይወርድ እኛ እዚህ ቆላ ላይ የምንሰማባት ከተማ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ጎረቤቴ የነበሩ፣ ፊዚክስ ያስተማሩኝ፣ በኋላም እኔ ራሴ ኮምፒውተር አስተማሪ ስሆን በአንድ የመምህራን ክፍል አብረውኝ የተቀመጡ ሰው ሞተው፣ እኛ ሰፈር ጥሩንባ አልተነፋም። የእሳቸው እድር ከወንዙ ማዶ ነው፣ የእኛ ከወንዙ ወዲህ። ጥሩንባውም በየፊናው ነው የሚነፋው።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ ጣለችው። "ውይ በሞትኩት! መቼ?"

"ትናንት ተቀበሩ።"

"ማን ነገረሽ?"

"የባጃጅ ሹፌር።"

"የባጃጅ ሹፌር!" አለች። "የጋሽ ይማምን ሞት እኛ ከባጃጅ ሹፌር እንስማ? እኛ?" ከዚያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና ልቅሶ ሳይሆን ዝምታ ጀመረች። እናቴ ዝም ስትል አታውቋትም፤ ይሻላል ልቅሶው።

ሰደቃቸው ረቡዕ እንደሆነ ከዚያው ልጅ ሰምቼ ነበር። ረቡዕ እስኪደርስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም። ስለ እኚህ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ብናገርም የሚቀልለኝ አይመስለኝም።

ጋሼ ይማም ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ ፊት ዘንበል ያለ ሰው ነበሩ። ዘራቸው ከድሮዎቹ የይፋት ሰዎች ነው፤ አያታቸው አርጎብኛ ይናገሩ እንደነበር ይነግሩን ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያውቁት ስድቡን ብቻ ነው። ጠመኔ ከእጃቸው አይለይም። አንድ ነገር ሲገርማቸው በጠመኔው ግንባራቸውን መታ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ግንባራቸው ላይ ነጭ ነጥብ ሳይኖር ከክፍል የወጡበት ቀን አይታወስም። ተማሪዎች ሆነን ነጥቦቹን አይተን ቀኑ እንዴት እንደዋለ እናውቅ ነበር።

ሰላምታቸው "ሙቀቱ እንዴት ነው?" ነው። በዚህ ፀሐይ ይህን የማይል ሰው የለም። ልዩነቱ እሳቸው ቆም ብለው መልስ ይጠብቃሉ። ሁለተኛው አመላቸው ደግሞ "እስቲ አንድ ዙር እንየው" ነው። ዳይሬክተሩ ተማሪ ሊያባርር ሲነሳ፣ "አንድ ዙር እንየው።" ባልና ሚስት ሊፋቱ ሽማግሌ ሆነው ሲቀመጡ፣ "አንድ ዙር እንየው።" እማዬ "ይሄ ሰውዬ ዓለምን ካርታ ጨዋታ አደረጋት" እያለች ትስቅባቸው ነበር።

የዙሩ ነገር ከየት እንደመጣ የገባኝ አስተማሪ ሆኜ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ጋሼ ይማም በስተርጅና፣ ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሱ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይማሩ ነበር። ለመመረቂያ የመረጡት ርዕስ መምህራኑን ሁሉ አስቆ ነበር፦ የስታቲስቲካል ፊዚክስን ዘዴ ወስደው፣ ሰው በሰፈር በሰፈር ተለያይቶ የሚሰፍርበትን መንገድ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት። "ጋሼ፣ ፊዚክስ ከቤት ኪራይ ጋር ምን አገናኘው?" ስላቸው፣ "አንድ አተም ብረቱን በሙሉ አያይም። አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። አንቺስ ከተማውን በሙሉ ታያለሽ?" አሉኝ። ቀጥለውም "ነገ ላቦራቶሪ ነይ፣ ምስክር ትሆኛለሽ" አሉኝ።

ሄድኩ። ትልቁን ጠረጴዛ በጠመኔ እንደ ዳማ ሰሌዳ ከፋፍለውታል። ከቤታቸው ማሾና ማሽላ ይዘው መጥተዋል። ማሾው አረንጓዴ ነው፣ ማሽላው ነጭ። በየአራት ማዕዘኑ አንድ አንድ ፍሬ፣ ማሾም ማሽላም እንደመጣ ተደባልቆ ተቀምጧል፤ እዚህም እዚያም ባዶ ቦታ ተትቷል። ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን ከበው ቆመዋል።

"ይሄ ከተማ ነው" አሉ ጋሼ ይማም። "ማሾውም ደግ ነው፣ ማሽላውም ደግ ነው። ጥላቻ የሚባል ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ የለም፤ ወላሂ፣ እኔ አላመጣሁም። ያለው አንድ ሕግ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን ያያል። ከጎረቤቶቹ ሲሶው የእሱ ዓይነት ከሆኑ ደስ ብሎት ቁጭ ይላል። ከሲሶ ካነሱ ብቻ ተነስቶ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሲሶ ብዙ ነው?"

"አይደለም!" አለ ክፍሉ በሙሉ።

"እንግዲያው ምን ይሆናል?"

"እንደተደባለቀ ይቆያል!"

"እስቲ አንድ ዙር እንየው።"

ልጆቹ ፍሬውን በጣታቸው እያነሱ ማዘዋወር ጀመሩ። ሳቅ፣ ጫጫታ፣ "ይቺ ማሽላ ኮበለለች!" መባባል ሆነ። አንዷ ስትነሳ ትታው የሄደችው ጎረቤቷ የራሱ ሰው ይጎድልበታል፤ እሱም ይነሳል። እሱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ምንም የተለወጠ አይመስልም ነበር። ደወሉ ሊደወል ሲል ግን ማሾው በአንድ ወገን፣ ማሽላው በሌላ ወገን ክምር ክምር ሠርቶ ተቀምጧል። ጫጫታው ቆመ። ጠረጴዛውን አይተው የእኛን ከተማ ያላሰቡ ካሉ ሞኞች ናቸው፤ ሞኝ ደግሞ አልነበረም።

አንዲት ተማሪ ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ ማን ለያቸው ታዲያ?" አለች።

ጋሼ ይማም ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። በጠመኔ የነጣ ባዶ እጅ ነው። "ማንም" አሉ። "ያስፈራኝም እሱ ነው፣ ልጄ። ክፉ ሰው ቢኖርበት ይዘን እንመክረው ነበር።"

ከዚያ ስለ ማግኔት አስተማሩ። ማግኔት ስታግሉት ጉልበቱን ያጣል፤ ሙቀቱ አተሞቹን እያዘለላቸው ጎረቤታቸውን መከተል ይተዋሉ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ይሰለፋል። ያውም ቀስ በቀስ አይደለም፤ ምንም ያልሆነ እየመሰለ ይቆይና አንድ ልክ ላይ ሲደርስ ባንዴ ነው። "የሰፈር ሙቀት ምን መሰላችሁ?" አሉ። "ሳይቆጥር የሚገባ ሰው ነው። ኪራይ ረከሰለት፣ ገባ። ልጅት ወደደ፣ ገባ። ከወንድሙ ተጣላ፣ ገባ። ጎረቤቴ ማን ነው ብሎ አልቆጠረም። እንዲህ ያለ ሰው እስካልጠፋ ድረስ ማሾና ማሽላ እንደተደባለቁ ይኖራሉ።" ያን ጊዜ ነው "ሙቀቱ እንዴት ነው?" የሚሉት ነገር የገባኝ። ሰውዬው ለካ በየጠዋቱ ከተማዋን ነበር የሚለኩት።

ለመመረቂያው በእጅ መቁጠር ስለማያዋጣ ፕሮግራሙን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ያኔ ኩራቴን አትጠይቁኝ፣ መሬት አልረግጥም ነበር። አረንጓዴና ነጭ ነጥቦች በስክሪኑ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው "ሙቀቱን ጨምሪ፣ ሙቀቱን ቀንሺ" ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ "ዓለም ጠፋች፣ ሻይ እንጠጣ" ብለው ከፔርሙዛቸው ይቀዱልኛል።

አንድ ቀን "እስቲ ጥቂት የማይንቀሳቀሱ አድርጊልኝ" አሉ። "ዙሪያቸውን ሌላ ቢከባቸውም የማይነሱ።" አደረግኩላቸው። በአረንጓዴው መሐል ጥቂት ነጮችን ተከልኩ፣ በነጩም መሐል እንዲሁ። ጉድ ነው! እነዚያ ጥቂቶች ቁጭ ሲሉ ሌሎች እየመጡ ይጠጓቸዋል፤ ድንበሩ ጥርት ብሎ መለየት ያቅተዋል፤ እዚህ ተሰበሰበ ሲባል እዚያ ይፈርሳል። ጋሼ ይማም ግንባራቸውን በጠመኔ መቱ። ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ጠመኔ ምን እንደሚሠራላቸው አላህ ይወቅ።

"ትርሲት" አሉኝ፣ "እኔ ከሰፈራችን አልንቀሳቀስም።"

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ቀልድ አልነበረም። የእኛ ሰፈር ያን ጊዜ ቀስ እያለ ይሳሳ ነበር። ጨርቅ ነጋዴው ሰይድ መስጊድ አጠገብ ቦታ ገዝቶ ሄደ። የሐዋ እናት ልጃቸው ወልዳ ማዶ ገቡ። ከማዶ ደግሞ የእኛዎቹ፣ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ልቅረብ ብሎ፣ አንዱ ወንድሜ ያለበት ይሻላል ብሎ ወደ እኛ መጡ። ጠብ አልነበረም። ክፉ ወሬ ሲናፈስ ሰው በሩን ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ከዚያ በላይ እኛ ሰፈር የሆነ ነገር የለም። የሄደውን ሁሉ አቅፈን፣ አልቅሰን ነው የሸኘነው። ሁሉም ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም እውነት ነበር።

የጋሼ ይማም ልጅ ማዶ ነው ያገባችው፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራም የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ እሷ ጋ ገብተዋል። "አባዬ፣ እኔ ጋ ና፣ እዚያ ብቻህን ምን ትሠራለህ?" እያለች ስትወተውት፣ "ማን ነው ብቻዬን ያለው? እነ አስካለ አሉ" ይሏታል። አስካለ እናቴ ናት። ለእኔ ደግሞ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው "ተተክያለሁ" ይሉኛል።

አሁን ወደ እህቴ ሰርግ ልምጣ። ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ግን እሱን ከዘለልኩ ምኑን ተናገርኩት?

በእኛ አገር የሚደግስ ሰው ሁለት ድግስ ነው የሚደግሰው። ለሙስሊም እንግዶች ፍየሉ ለብቻ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፤ ወጡ የእኛ ሥጋ ባልነካው ድስት ይሠራል፤ ከዳሱ አንደኛው ወገን ለእነሱ ይነጠፋል። እነሱም ሲደግሱ ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ በአረፋ እነ ጋሼ ይማም "እናንተው እረዱት" ብለው ሙክት በቁሙ ይልኩልን ነበር። በሰፈራችን ድግስ ሁሉ ቢላዋው የጋሼ ይማም ነው። በማለዳ ቢላዋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይመጣሉ፣ "የት አለች ሙሽራዋ?" ይላሉ። ፍየሏን ማለታቸው ነው። እናቴም ለዚሁ ብቻ የምታስቀምጠው ትልቅ ድስት ነበራት፤ "የእንግዳ ድስት" ትለዋለች፤ በልጅነታችን እንዳንነካው ትቆጣን ነበር።

ታናሽ እህቴ ስታገባ እሑድ ነበር። ጋሼ ይማም በማለዳ መጡ። ቢላዋ ግን አልያዙም፤ የመጡት የዳሱን አምፖልና የድምፅ ማጉያውን ገመድ ሊዘረጉልን ነው። መሰላል ላይ ወጥተው ገመዱን ሲያስሩ፣ እኔ ከታች ቆሜ ሻይና ዳቦ አቀበልኳቸው። እዚያው መሰላሉ ላይ ሆነው በሉ፣ ጠጡ። "ሙቀቱ እንዴት ነው?" አሉኝ። "ጥሩ ነው ጋሼ፣ ምን ጎደለ!" አልኳቸው። የጎደለው አልታየኝም።

ከሰዓት በኋላ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ተመልሰው መጡ። ዳሱ ሞልቷል፣ ዘፈኑ ቀልጧል። አንድ ወንበር ተለቀቀላቸው፣ ተቀመጡ። እናቴ በደስታ እየሮጠች ልታስተናግዳቸው መጣች። ሳህኑን ይዛ መጥታ፣ ከፊታቸው ስትደርስ ቆመች። እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ያኔ ነው ሁለታችንም ያየነው። ፍየል አልታረደም። ድስት አልተለየም። የተነጠፈ ወገን የለም። ለወራት ስንደግስ፣ ሽንኩርት ስንልጥ፣ ሰው ስንጠራ፣ አንዳችንም እንኳ፣ ከእናቴ ከራሷ ጀምሮ፣ ነገሩ ትዝ አላለንም። ለምን ትዝ ይበለን? ከሰፈሩ የሚጠራ ሙስሊም እንግዳ እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ የቤት ሰው አድርገን እንግዳ መሆናቸውን ረሳን። የእንግዳውን ድስት በኋላ ስፈልገው ጓሮ አገኘሁት፤ ዶሮዎች ውሃ ይጠጡበታል።

ጋሼ ይማም የእናቴን ፊት አዩ። ሳህኑን አዩ። ወዲያው፣ ለማሰብ እንኳ ጊዜ ሳይወስዱ፣ "አስካለ፣ አትልፊ፣ ዛሬ ጾመኛ ነኝ" አሏት።

"እንዴ! ጾመኛ ነዎት? አላህ ይቀበልዎት፣ ጋሽ ይማም!" አለች እናቴ። እፎይታዋ ከፊቷ ላይ ፈሰሰ። ዙሪያውን የተቀመጡትም "እሰይ፣ ጾመኛ ናቸው፣ ጾመኛ ናቸው" ተባባሉ። ሁሉም ተገላገለ።

ከእኔ በቀር። በማለዳ ሻይና ዳቦ በእጄ የበሉ ሰው ናቸው። እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። አንዴ ቀና ብለው አዩኝና ወዲያው ዓይናቸውን ወደ አምፖሎቹ አነሱ፤ "ገመዱ ትንሽ ላልቷል" አሉ። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ፣ በዚያ ባዶ እጃቸው፣ ሙሽሮቹ ኬክ እስኪቆርሱ ድረስ አጨበጨቡልን። ዛሬም ያ ጭብጨባ ትዝ ሲለኝ ፊቴን የማስገባበት ጉድጓድ አጣለሁ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ደረቷን መታች። "ወይኔ ጉዴ! በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?" አለች። እንዳለችውም ሆነ፤ ከዚያ በኋላ እሳቸውን በመንገድ ስታይ ማቀርቀር ጀመረች። ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም ብለን ሰውዬውን አጣናቸው። ይሄ ደግሞ ከሰርጉ ይብሳል።

ሰኞ ከሰዓት ኮምፒውተር ክፍል መጡ። እኔ ቀና ማለት አቅቶኛል። "ጋሼ፣ የትናንቱ..." ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

"አንድ ነገር ጎድሎናል" አሉ። "ማሾ ማሽላን አይረሳም፤ ቦታ ነው የሚቀይረው። ሰው ግን ይረሳል። መርሳትን ጨምሪልኝ።"

እንዴት እንደሚጨመር ተነጋገርን። አንድ ነጥብ ለብዙ ዙር የሌላውን ዓይነት ጎረቤት ካላየ፣ ሲሶ መብቃቱ ይቀርና የበለጠ ይፈልግ፤ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ይባስ። ጻፍኩት። አስነሳሁት። ነጥቦቹ ወዲያው ለሁለት ተከፈሉ። "ሙቀቱን ጨምሪ" አሉ። ጨመርኩ። አልተመለሰም። ድሮ በዚያው ሙቀት ይደባለቅ የነበረው አሁን ንቅንቅ አልል አለ።

"የተተከሉትስ?" አሉ።

የተተከሉት እዚያው አሉ። አልተነሱም። ግን ማንም አይጠጋቸውም። በሰፊው አረንጓዴ መሐል አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ ነጭ ነጥብ ብቻውን ቁጭ ብሏል።

ጋሼ ይማም ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ጠመኔው እጃቸው ላይ ነው፣ ግንባራቸውን ግን አልነኩም። "አንድ ዙር እንየው" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። "አጥፊው፣ ልጄ" አሉ።

ከዚያ ጡረታ ወጡ። ስኳር በሽታው እግራቸውን ያዛቸው። ልጃቸው መጥታ፣ ፍራሹንና መጽሐፉን ጋሪ ላይ አስጫነች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሪው በር ላይ ቆሟል። ሮጥኩና እጃቸውን ያዝኩ።

"ተነቀልኩ፣ ትርሲት" አሉኝ እየሳቁ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "አልንቀሳቀስም ብዬሽ አልነበር? አፈርኩብሽ።"

እሳቸው አፈሩ! እኛ አይደለንም፤ እሳቸው። "እመጣለሁ፣ ጋሼ" ብቻ አልኩ።

አልሄድኩም። ማዶ ማለት እኮ ባጃጁ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚደርስበት ነው። ፈተና ይለፍ አልኩ፣ ፀሐዩ ይብረድ አልኩ፣ ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ አልኩ። ምክንያት ነበረኝ፤ ምክንያቱም እውነት ነበር።

ረቡዕ ከእማዬ ጋር ተነሳን። በየደጁ እያንኳኳች ጠራች። አንዷ ገበያዋን አመካኘች፣ አንዷ "ሳምንት እደርሳለሁ" አለች፣ አንዱ "አሁን ወደዚያ መሄድ ጥሩ ነው?" ብሎ ጺሙን አሻሸ። ጎረቤታችንን ብርቄን ደግሞ ቤቷ አጣናት። ሁለታችን ብቻ ሄድን።

ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ ወንዶቹ ዱዓ ላይ ናቸው። የጋሼ ይማም ባለቤት እትዬ ዘሐራ እናቴን ሲያዩ "አስካለ! መጣሽ!" ብለው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ተላቀሱ። "ይቅር በይኝ" ስትል እናቴ፣ "የምን ይቅር ነው፣ ዝም በይ" ይሏታል። ከዚያ እጇን ይዘው፣ በሰዉ መሐል አልፈው፣ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰዱን።

እዚያ ጥላ ስር አዲስ ሰሌን ተነጥፏል፤ ከዳር እስከ ዳር፣ የሰፈር ሰው ሁሉ የሚያስቀምጥ ሰሌን። ባዶ ነው። ከጎኑ ትልቅ ድስት፣ አጠገቡ የተከደነ እንጀራ።

"ረቡዕ አይደል? ጾም ላይ ናችሁ" አሉ እትዬ ዘሐራ። "ምስር ነው፣ በዘይት። ድስቱ አዲስ ነው፣ ሥጋም ቅቤም አልነካውም። በደንብ ብሉ።"

"በዚህ ሐዘንሽ መሐል ይሄን ማን አስታወሰሽ?" አለች እናቴ።

"ምኑን ነው የሚያስታውሱኝ? አብሬያችሁ የኖርኩት አይደለሁ?" አሉ። ከዚያ ወደ በሩ አየት አደረጉና፣ "ሌሎቹስ? ከኋላ ናቸው?" አሉ።

እናቴ አላየችኝም። "እየመጡ ነው" አለች።

እናቴ ዋሸች። በሰርጉ ቀን ጋሼ ይማም ለእኛ የዋሹትን፣ እሷ አሁን ለሚስታቸው መለሰችላቸው። ተቀመጥን። በዚያ ሁሉ ሰሌን ላይ ሁለት ሴቶች፣ ጥግ ላይ። ምስሩ ጣፋጭ ነበር፣ በላን፤ ካልበላን ማን ይበላዋል? እትዬ ዘሐራ እየተመላለሱ በሩን ያያሉ። ሦስተኛ ጊዜ ከመጡ በኋላ ማየቱን ተዉት። ገብቷቸዋል። ድስቱን ከድነው፣ በነጠላ አስረው፣ "ሰደቃ አያድርም። መምጣት ላልተመቻቸው አድርሱልኝ" ብለው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ።

ባጃጅ ውስጥ ድስቱ ጭኔን ያቃጥለኝ ነበር። አላወረድኩትም።

ሰፈር ደርሰን በየደጁ እየዞርን አካፈልን። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። መጨረሻ ላይ ብርቄ ቤት ደረስን፤ ከጋሼ ይማም ቤት ጀርባ በአንድ አጥር ነበር የምትኖረው። ከገበያ ገና መመለሷ ነው። ሳህኗን አቀረበችና፣ "የማን ሰደቃ ነው?" አለች።

"የጋሼ ይማም።"

"ኧረ በስመ አብ! መቼ? እዚሁ ከአጥሬ ማዶ ሞተው ነው ያልሰማሁት?"

"ከሰፈር ከወጡ እኮ ዓመት አለፋቸው፣ ብርቄ" አልኳት።

ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ወደ አጥሩ ዞር አለች፤ ተመልሳ እኛን አየች። ቤቱ ባዶ መሆኑን አላወቀችም ነበር።

ቤት ገብተን እናቴ ድስቱን ቧንቧ ስር አስቀመጠችና ማጠብ ጀመረች። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ "ምን አድርጌ ነው የምመልሰው?" አለች። "ፍየል እንዳልል ማን ያርድልኛል?" እያጠበች ድንገት እጇ ቆመ። ውሃው ይፈስሳል።

"ትርሲት" አለችኝ፣ "እኛን ማን ነው እንዲህ ያደረገን?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ጋሼ ይማም በጠመኔ የነጣ ባዶ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ለዚያች ተማሪ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። አንድ ቃል ናት። አፌ ድረስ መጣች፤ ለእናቴ ግን ልነግራት አልቻልኩም። እጅጌዬን ሰብስቤ ድስቱን አብሬያት አጠብኩ።